ከሞተሩ በፊት ፕሮፔለሩ

የፈጣን ጀልባ ባለቤት ፍጥነት ሲያንሰው መጀመሪያ የሚያምረው ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ነው። ገንዘብ የሚባክነውም ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ስተርን ድራይቭ ማለት ሞተሩ ጀልባው ውስጥ ሆኖ፣ ማርሹና ፕሮፔለሩ ከኋላ በውጭ የሚንጠለጠሉበት አሠራር ነው። ድራይቩ ጉልበት ያስተላልፋል፤ ውኃውን የሚገፋው ፕሮፔለሩ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ሞተሩ በደቂቃ 5000 ጊዜ ቢዞርና ማርሹ ለ1.5 ቢያካፍለው፣ ፕሮፔለሩ 3333 ጊዜ ይዞራል። በአንድ ዙር 24 ኢንች የሚራመድ ከሆነ፣ ጀልባው በወረቀት ላይ በሰዓት 122 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ውኃ ስለሚያንሸራትት በተግባር ከዚያ ያንሳል።

ይህ እርምጃ ከበዛ ሞተሩ ዙሩ ላይ ሳይደርስ ይጨነቃል፤ ካነሰ ከልኩ በላይ ይዞራል። በሁለቱም የሚጎዳው ውዱ ሞተር ነው። ድራይቩ ከሚችለው በላይ ጉልበት መጨመር ደግሞ ማርሽ ይሰብራል፤ ያውም በሙሉ ፍጥነት፣ ሰው ተሳፍሮ።

በተቃራኒ አቅጣጫ የሚዞሩ ሁለት ፕሮፔለሮችም የሁሉ መድኃኒት አይደሉም። ሲነሱ ውኃውን ጥሩ አድርገው ይይዛሉ፤ በከፍተኛ ፍጥነት ግን ተጨማሪው ብረት ይጎትታል።

ስለዚህ ኪስ ከመዳበስ በፊት ጀልባውን በተለመደው ጭነቱ እስከ መጨረሻው ነድቶ የዙር ቆጣሪውን ማየት ይገባል። ቁጥሩ አምራቹ ካዘዘው ውጭ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚመረመረው ፕሮፔለሩ ነው።