የድመቷ ጢም ይበቅል ይሆን?

በዛሬው እትማችን የምንመለከተው አንዲት እህት የላከችልንን ደብዳቤ ነው። አሳጥረን አቅርበነዋል፦

«የስድስት ዓመት ልጃችን ‹ፀጉር አስተካካይ ነኝ› እያለ ሲጫወት የድመታችንን ጢም በአንድ ወገን ሙልጭ አድርጎ በመቀስ ቆረጠው። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ አይቶ በቀበቶ ገረፈው። እኔም ‹ለድመት ብለህ ልጄን ትገርፋለህ?› ብዬ ልጁ ፊት ጮህኩበት። ይኸው ሁለት ሳምንት ሆነን፣ ከሰላምታ በቀር አንነጋገርም። ልጁ አባቱ ሲገባ ይደበቃል። ማታ ማታ ደግሞ ‹ጢሟ ካልበቀለ አባዬ አይወደኝም?› እያለ ይጠይቀኛል። እውነት ይበቅላል ወይ? ምን ላድርግ?»

ውድ እህታችን፣ ከቀላሉ እንጀምር። አዎ፣ ይበቅላል።

የድመት ጢም ለጌጥ የተሰጣት አይደለም። ከላይኛው ከንፈሯ በግራና በቀኝ አብዛኛውን ጊዜ 12፣ 12 ሆኖ በአራት ረድፍ ይበቅላል። ከዓይኖቿ በላይ፣ በአገጯና በፊት እግሮቿ ጀርባም አጫጭር ጢሞች አሏት። ፀጉሩ ራሱ ነርቭ ስለሌለው በመቀስ ሲቆረጥ አያማትም፤ መንቀል ግን ያሳምማታል። ሥሩ ከሌላው ፀጉሯ ሦስት እጥፍ ያህል ጠልቆ የተተከለ ሲሆን ዙሪያውን ደምና ብዙ ነርቮች ይከቡታል። ጢሙን ነፋስ እንኳ ነካ ቢያደርገው ሥሩ ይሰማዋል። ድመት አፏ አጠገብ ያለውን ነገር አጥርታ ስለማታይ፣ በጨለማ ስትሄድ፣ በጠባብ ቀዳዳ ስትሾልክና አይጥ ስትይዝ ጢሟ ይመራታል። ስለዚህ ሰሞኑን ዝላይ ብትስት ወይም ከዕቃ ጋር ብትጋጭ አይግረማችሁ።

ልጃችሁ ሥሩን አልነካውም። የተቆረጠው ጊዜውን ጠብቆ ይረግፍና አዲስ ይተካል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራል፤ ሙሉ ርዝመቱን እስኪያገኝ ግን ሁለት ወይም ሦስት ወር ሊወስድ ይችላል። እስከዚያው «እናስተካክለው» ብላችሁ ሌላውን ወገን አትቁረጡ። የቤት ዕቃ ከቦታው አታዘዋውሩባት፤ ማታም ከቤት ባትወጣ ይሻላል።

ድመት ያላችሁ ሌሎች አንባቢያንም ይህን ብታውቁ ይጠቅማችኋል። ወለል ላይ አንድ ሁለት ጢም ወድቆ ብታገኙ አትደንግጡ፤ እንደ ሌላው ፀጉር በየጊዜው ይረግፋል፣ ይተካል። ምድጃ ሥር ተኝታ ጫፉ ቢለበለብም ያድጋል። ቃጠሎው ቆዳዋን ዘልቆ ሥሩን ካጠፋውና ጠባሳ ከተወ ግን በዚያ ቦታ ላይበቅል ይችላል። ብዙ ጢም በአንድ ጊዜ ከረገፈ፣ ቆዳዋ ከቀላ፣ ከተላጠ ወይም ፊቷን ደጋግማ የምታክ ከሆነ ቁንጫ፣ እከክ ወይም ጭርት ሊሆን ስለሚችል ለእንስሳት ሐኪም አሳዩአት። ጭርት ወደ ሰውም ይተላለፋል። ልጆች ከነኳት በኋላ እጃቸውን ይታጠቡ፤ በገላቸው ላይ ክብ ቁስል ካያችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

አሁን ወደ ከባዱ እንመለስ። ባለቤትሽ በአንድ ነገር ትክክል ነው። ጻድቅ ሰው ለእንስሳው እንደሚራራ ምሳሌ 12፥10 ያስተምረናል፤ ልጁም ይህን መማር አለበት። ነገር ግን የስድስት ዓመት ልጅ ጢም ምን እንደሚሠራ አያውቅም ነበር። ያልተነገረውን ሕግ ጣሰ ተብሎ በቀበቶ ተገረፈ። አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቆጡ በኤፌሶን 6፥4 የተሰጠው ትእዛዝ እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

አንቺም እህቴ፣ ለልጅሽ መቆምሽ ተገቢ ነው፤ በእርሱ ፊት በአባቱ ላይ መጮህሽ ግን ልጁን በሁለታችሁ መካከል አቆመው። አሁን አባቱን የሚፈራው ስለ ግርፋቱ ብቻ ሳይሆን፣ የእናትና የአባቱን ዝምታ እኔ አመጣሁት ብሎ በማሰብም ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ባለቤትሽ አጠገብ ተቀመጪ። በእርሱ ቀበቶ ሳይሆን በራስሽ ጩኸት ጀምሪ፤ «በልጃችን ፊት ስላዋረድኩህ ይቅር በለኝ» በይው። ከዚያ የልጁን ጥያቄ ቃል በቃል፣ ምንም ሳትጨምሪ ንገሪው። ብዙ አባቶች ለክርክር ባይሸነፉም እንዲህ ያለውን ጥያቄ ሰምተው ዝም ማለት አይችሉም።

ወንድሜ፣ አንተም ይህን የምታነብ ከሆነ፣ ለልጅህ መልሱን አንተው ስጠው። ይቅርታ ጠይቀው። ይህ አባትነትህን አይቀንሰውም። «ጢሟ ቢበቅልም ባይበቅልም እወድሃለሁ» በለው፤ ጢሙ እስኪበቅል ግን አትጠብቅ። ሦስት ወር ለልጅ ረጅም ነው። ከዚያም አብራችሁ ድመቷን መግቧት፤ ጢሟ ምን እንደሚሠራላት አስረዳው፤ በየቅዳሜው ስንት አዲስ እንደወጣ አብራችሁ ቁጠሩ። እንዲህ የተማረ ልጅ መቀሱን ዳግመኛ አያነሳም።

ቀበቶው የዚያን ቀን ብቻ ሳይሆን የቤታችሁ ልማድ ከሆነ ግን በዝምታ አትለፉት። ሁለታችሁም የምታከብሩትን አገልጋይ ወይም ባልና ሚስት ቀርባችሁ አማክሩ። አንድ ጊዜ የተቆረጠ ጢም ተመልሶ ይበቅላል፤ ሥሩ ደጋግሞ የተቃጠለ ግን ይቸገራል። የልጅም ልብ እንዲሁ ነው።

ጌታ ቤታችሁን በሰላሙ ይጎብኝ።