በሩ ሳይዘጋ፦ በከሚሴና በዙሪያዋ ድረ-ገጽ ላላችሁ ሁሉ

በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር የምትገኙ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ነጋዴዎች፣ በውጭ አገር ያላችሁ የአካባቢው ተወላጆች ማኅበራት፦

የባቲን የሰኞ ገበያ አስቡት። ሺህ ሰው አንድ ሱቅ በር ላይ ተኮልኩሎ ዋጋ እየጠየቀ፣ ምንም ሳይገዛ ቢውል፣ ከአፋር ግመሉን ነድቶ የመጣው ደንበኛ ደጁን ሳይረግጥ ይመለሳል። የተሰረቀ ዕቃ የለም፤ ባለሱቁ ግን ከስሯል። ዲዶስ የሚባለው ጥቃትም እንዲሁ ነው። የተጠለፉ መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ድረ-ገጹን በያዘው ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ የሐሰት ጥያቄ ያዘንባሉ። ከደዌ ሐረዋ ሆኖ የጨረታ ማስታወቂያ በስልኩ ሊያይ የሞከረው ወጣት ገጹ አልከፈት ይለዋል፤ ቀኑም ያልፍበታል።

«እኛን ማን ያውቀናል?» አትበሉ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ከግብፅ የተነሱ ቡድኖች በኢትዮጵያ ድረ-ገጾች ላይ የሳይበር ጥቃት መሞከራቸውን የመንግሥት የሳይበር ደኅንነት ተቋም የሆነው ኢንሳ አሳውቋል። በጥቅምት 2009 ዓ.ም. ደግሞ ሚራይ የተባለው ቫይረስ የፋብሪካ ይለፍ ቃላቸው ያልተቀየረ ካሜራዎችንና ራውተሮችን አዝምቶ ለሌሎች ድረ-ገጾች የአድራሻ አገልግሎት የሚሰጠውን የአሜሪካውን ዳይን ኩባንያ ሲያጠቃ፣ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ሳይቀሩ ለብዙዎች ተቋርጠው ነበር። የሱቃችሁ ካሜራም ሳታውቁት ሊዘምት ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አራት ነገር አድርጉ።

አንደኛ፣ ድረ-ገጻችሁን የሐሰት ጥያቄን ከሚለይ የማጣሪያ አገልግሎት ጀርባ አስቀምጡ። ክላውድፍሌር ነጻ አገልግሎት አለው፤ ከመስከረም 2010 ዓ.ም. ወዲህም በጥቃቱ ብዛት ሒሳብ አይጨምርም። ለዜናና ለሰብአዊ መብት ድረ-ገጾች የጎግል ፕሮጀክት ሺልድ በነጻ ይሠራል። ሌላ ከመረጣችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ፦ ጥቃት ሲበረታ ታስከፍሉናላችሁ? ገጹንስ ትዘጉታላችሁ? ሌሊት ስልክ የሚያነሳው ማነው?

ሁለተኛ፣ ሰርቨሩ ከማጣሪያው በቀር ከማንም ጥያቄ እንዳይቀበል ባለሙያችሁን እዘዙ። የሰርቨሩ አይፒ አድራሻ ከታወቀ አጥቂው በጓሮ በር ይመጣል።

ሦስተኛ፣ የራውተርና የካሜራ ይለፍ ቃላችሁን ዛሬውኑ ቀይሩ።

አራተኛ፣ ድረ-ገጻችሁን የሚያስተናግደውን ድርጅት ስልክና የኢንሳን 933 ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። «ክፈሉን፤ እናቆማለን» የሚል መልእክት ቢመጣ አትክፈሉ፤ ደውሉ።

ያ ወጣት ነገም ስልኩን ይከፍታል። በራችሁ ክፍት ሆኖ ይጠብቀው።