ከሁሉ በፊት የሚጠበቀው

ማንኛውም መንግሥት የሚጠብቀው ብዙ ነገር አለው። ነጻነቱ፥ ወሰኑ፥ የሕዝቡ እንጀራ፥ የንግዱ በር፥ የሕጉ ክብር፥ ሁሉም ጥበቃ ይሻሉ። ነገር ግን ሠራዊቱም ገንዘቡም ጊዜውም የተወሰነ ስለ ሆነ፥ ሁሉን በአንድ ቀን እኩል አድርጎ ለመጠበቅ የተቻለው መንግሥት እስከ ዛሬ አልታየም። ስለዚህ የአገርን ደኅንነት ለሚያስብ ባለሥልጣን ከባዱ ጥያቄ ከሁሉ በፊት የትኛው ይጠበቅ የሚለው ነው።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ለዚህ ጥያቄ በሥራቸው መልስ ሰጥተውበታል። በሚያዝያ 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል 17ኛው ክፍል፥ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ሲል፥ የኢጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ነገሩን ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ባወቁ ጊዜ ወዲያው ጦር አላዘመቱም። ጊዜው ክፉ ቀን የተባለው ነበር፤ በሬው በከብት በሽታ አልቆ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዶማ ይዘው እየቆፈሩ ለመኳንንቱ አርአያ የሆኑበት ዘመን ነው። ረኃቡ ሲበርድም ወታደሩ በባላገሩ ቤት ተሰሪ ሆኖ የተረፈውን እህል እንዳይጨርስበት፥ በፈንታው አሥራት እንዲከፈል ተደነገገ። ውሉ መፍረሱን በ1885 ዓ.ም. ለመንግሥታት አስታወቁ፤ የክተት ዐዋጁ የተነገረው ግን በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ይህን መዘግየት እንደ ፍርሃት የቈጠረው ሰው ቢኖር፥ የካቲት 23 ቀን መልሱን ዓድዋ ላይ አግኝቷል።

ከድሉ በኋላ መረብን ስለ ምን አልተሻገሩም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አላለቀም። የሠራዊቱ ስንቅ ተሟጦ ነበር፤ ኢጣልያም ሌላ ጦር እያመጣች ነበር። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የውጫሌው ፈርሶ የኢትዮጵያ ፍጹም ነጻነት ታወቀ፤ መረብ ምላሽ ግን በኢጣልያ እጅ ቀረ። ነጻነቱ ቀደመ፥ መሬቱ ወደ ኋላ ተባለ። የዚህም ዋጋ ቀላል አልነበረም፤ አስቀድሞ የከፈለውም በማዶ የቀረው ወንድም ሕዝብ ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ የፋሺስት ጦር ኢትዮጵያን የወጋው ያንኑ መረብን ተሻግሮ ነው።

ከዚህ የተነሣ ምኒልክ ተሳሳቱ ለማለት አይቻልም፤ በዚያን ቀን ሌላ ምርጫ ማሳየት ለተቺው ይከብደዋል። ጉድለቱ የሚገኘው ከዚያ ወዲህ ባሉት 40 ዓመታት ነው። በ1916 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን፥ በሰሜን ክፍት የቀረው በር በማኅበሩ ቃል ይዘጋል የሚል ተስፋ ነበረ። ጦርነቱ ሲቃረብ ግን እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ እንዳይሸጥ ከለከሉ። ኢጣልያ መሣሪያዋን ራሷ ትሠራለች፤ ክልከላው የጎዳው ኢትዮጵያን ብቻ ሆነ።

የነህምያን መጽሐፍ ያነበቡ ካህናት ነገሩን ከዚህ በፊት ያውቁታል። ነህምያ በኢየሩሳሌም እኩሌታውን ሰው ቅጥር አሠርቶ እኩሌታውን ጦር አስይዞ ሳለ፥ ድሆች እርሻቸውንና ልጆቻቸውን ለእህል እንዳስያዙ ጮኹበት። ቅጥሩ ገና ሳያልቅ ሹማምንቱን ሰብስቦ እርሻውን አስመለሰ። በ1995 ዓ.ም. የታተመው የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይና የአገር ደኅንነት ፖሊሲም የአገር ስጋት ከሁሉ በፊት ከውስጥ፥ ይኸውም ከድህነትና ከኋላ ቀርነት ይመጣል ሲል ከዚህ አልራቀም። ቃሉ መልካም ነው፤ የሚፈተነው ግን ገንዘብ በሚመደብበት ቀን ነው።

በዚያን ቀን እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱን ጉዳይ የአገር ደኅንነት ብሎ ይዞ ይቀርባል፤ ሁሉ አንደኛ ከተባለም የሚመርጥ አይገኝም። ስለዚህ በአገር ደኅንነት ስም የሚጠይቅ ሹም፥ ጥያቄውን በጻፈበት ወረቀት ላይ ስለ እርሱ ወደ ኋላ የሚቀረው ጉዳይ የትኛው እንደ ሆነ፥ ዋጋውንም የሚከፍለው የየትኛው አውራጃ ሕዝብ እንደ ሆነ፥ እስከ መቼም እንደሚቆይ አብሮ እንዲጽፍ ይገባል።