ደላላው ቢባረርስ? የቆቦ ሽንኩርት ዋጋ የሚቆረጥበት ቦታ

በራያ ቆላ የሽንኩርትና የቲማቲም ዋጋ በወደቀ ቁጥር ጥፋቱ የሚለጠፈው በደላላ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ዋጋው ሲንርም ተከሳሹ ያው ደላላ ነው። «ሰንሰለቱ ረዘመ፤ ደላላው ይውጣና ገበሬው ከሸማቹ ጋር በቀጥታ ይገናኝ» የሚለው አባባል ከወረዳ ስብሰባ እስከ ቴሌቪዥን ዜና ማንም ሳይሞግተው ይደጋገማል። አባባሉ ለጆሮ ይጥማል፤ የገበሬው አቅም የተሟጠጠበትን ቦታ ግን ይስታል።

የራያዋ ቆቦ ከአዲስ አበባ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደሴና በወልድያ አድርጎ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች። ሜዳው ዝናቡ የማይታመን፣ የከርሰ ምድር ውሃው ግን የበረከተ ነው። ገበሬው ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው እየጠለፈ ማሽላና ጤፍ ሲያመርት ኖሯል። የቆቦ-ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም ጥልቅ ጉድጓዶች ካስቆፈረ ወዲህ ደግሞ በሆርማትና በጎሊና አካባቢ አትክልት በመስኖ ይለማል። ውሃው ከመሬት ወጣ፤ የሚበላሸው ምርት የሚሄድበት በር ግን ያው አንድ አስፋልት ሆኖ ቀረ።

አንድ ገበሬ ማሽላም ሽንኩርትም ቢያመርት ነገሩ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ማሽላውን ይዞ ገበያ ሲወጣ ደላላ አለ፣ ነጋዴ አለ፣ ሚዛን አለ። ዋጋው ካልጣመው ጆንያውን አህያው ላይ መልሶ ጭኖ ይሄዳል፤ ማሽላው ጎተራ ገብቶ ሌላ ገበያ ይጠብቃል። ያው ሰው በዚያው ሳምንት ቲማቲሙ ቀልቶ ሳጥን ውስጥ ከገባ ግን ድምፁ ይለሰልሳል። ደላላው አልተለወጠም፣ መንደሩም አልተለወጠም። የተለወጠው «አልሸጥም» የሚለው ቃል ክብደት ነው፤ ቲማቲም ይዞ «አልሸጥም» የሚልን ሰው ማንም አያምነውም። ተንታኝ ነን ባዮች ይህን ልዩነት ዘለው ሰንሰለት ሲቆጥሩ መዋላቸው ይገርማል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለአብነት በአንድ ማለዳ አምስት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው ሃያ አምስት ኩንታል ሽንኩርት ነቅለው፣ ሃምሳ ኩንታል የሚጭን አንድ አይሱዙ ብቻ ቢመጣ ለሁለቱ ይጫንላቸዋል፣ ሦስቱ ይቀራሉ። የመቅረት ፍርሃት ዋጋውን የሚጭኑትም የሚቀሩትም ሊቀበሉት ወደሚችሉት ወለል ያወርደዋል። ሾፌሩ ራሱ ወርዶ ቢደራደር፣ ደላላም በአካባቢው ባይታይ ውጤቱ ያው ነው። ሁለተኛ መኪና ሲጨመር ዋጋው ሊነሳ ይችላል፤ ግን ሁለቱ ነጋዴዎች በየሳምንቱ በአንድ ቡና ቤት የሚገናኙ ከሆነ ዛሬ ዋጋ የሰበረው ሰው ነገ በሌላ ማሳ አጸፋውን እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ምንም ሳይነጋገሩ ሊግባቡ ይችላሉ። ሃያ መኪና ሲሆን እንዲህ ያለው ዝምታ አይጸናም።

ክፉው ጊዜ ሽንኩርቱ ከተነቀለ በኋላ ነው። ነጋዴው ማሳ ላይ መጥቶ ዋጋ ይቆርጣል፣ ትንሽ ቀብድ ይሰጣል፣ «ንቀል» ይላል። ገበሬው የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ያስነቅላል፣ ቅጠሉን ያስቆርጣል፣ ማዳበሪያ ውስጥ ያስገባል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፦ «አዲስ አበባ ገበያው ወድቋል፣ በዚህ ዋጋ አልወስድም።» ወሬው እውነት ይሁን ውሸት ማሳው ዳር ላይ ማጣራት አይቻልም። ትናንት መሬት ውስጥ ሆኖ ጥቂት ቀን መታገስ ይችል የነበረው ሽንኩርት አሁን ፀሐይ ላይ ተከምሯል፣ ሠራተኛውም ሒሳቡን እየጠበቀ ነው። ገበሬው ወጪውን አስቀድሞ ስላፈሰሰ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ይቀበላል። ይህን ማጥመጃ ሊያከሽፍ የሚችለው ነቀላው ከመጀመሩ በፊት የተከፈለ፣ ነጋዴው ቢቀር ለገበሬው የሚቀር ጠርቀም ያለ ቀብድ ነው።

ኢኮኖሚስቶች ይህን ከብዙ ጊዜ በፊት አጥንተውታል። ጆን ናሽ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ የድርድር ውጤት ስምምነት ባይኖር እያንዳንዱ ወገን በሚገጥመው ዕጣ ላይ እንደሚንጠለጠል አሳየ። ኤሪየል ሩቢንስታይን እ.ኤ.አ. በ1982 ደግሞ ሁለት ሰዎች እየተቀባበሉ ዋጋ ሲሰጣጡ ትዕግሥት ያለው የተሻለ ድርሻ እንደሚያገኝ አስረዳ። ቲማቲም ትዕግሥት የለውም።

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የመቀሌ መንገድ ሲዘጋ ነገሩ ከቲዎሪ በላይ ሆነ። ቆቦ ራሷም የውጊያ ሜዳ ነበረች። ሰላም በሰፈነበት ቀን «ዋጋህ ካልጣመኝ ለአላማጣና ለመቀሌ ነጋዴ እሸጣለሁ» ማለት ይቻላል፤ አንዱ አቅጣጫ ሲጠፋ ግን ደቡብ የሚሄደው መኪና ያለ ተፎካካሪ ይቀራል። ጦርነቱን ካስቆመው የጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት በኋላ የሰሜኑ መንገድ መከፈቱ ለሽንኩርት ገበሬ የመደራደሪያ ጉልበት ማለት ነበር፣ ምንም እንኳ ማንም በግብይት ማሻሻያ መዝገብ ባይጽፈው።

ሌላው የተወደደ መድኃኒት መረጃ ነው፤ የአዲስ አበባን ዋጋ በስልክ መንገር። ሮበርት ጄንሰን በሕንድ ኬረላ ያደረገው፣ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው ጥናት ሞባይል ሲገባ የዓሣ ዋጋ ልዩነት እንደጠበበ አሳይቷል። እዚያ ግን ዓሣ አጥማጁ ጀልባው የራሱ ነው፤ ባሕር ላይ ሆኖ ደውሎ ወደተሻለው ወደብ ያዞራል። የቆቦ ገበሬ በአዲስ አበባ ያለውን ዋጋ ቢሰማም መኪናው የገዢው ነው፣ ማሳውም አይንቀሳቀስም። በ2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ደረጃ ወጥቶላቸው መጋዘን ለሚቀመጡ እንደ ቡናና ሰሊጥ ላሉ ምርቶች እንጂ ለቲማቲም የሚሆን አይደለም።

ደላላው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ከሁለቱም ወገን ይቆርጣል፣ ለአንዱ የነገረውን ዋጋ ከሌላው ይደብቃል። ቢሆንም የእያንዳንዱ ሩብ ሄክታር ሽንኩርት መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ፣ አንድ አይሱዙ እስኪሞላ የሚያሰባስብ፣ ገንዘቡ ሲዘገይ በሰፈሩ የሚጠየቅ እሱ ነው። ሲባረር ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው ይመጣል፣ ስሙ ብቻ ይለወጣል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴዎች ዋጋ ለመወሰን የሚያደርጉትን ስምምነት ይከለክላል፤ ቡና ቤት ውስጥ የተደረገ ዝምታ ግን ማኅተም የለውም። የኅብረት ሥራ ማኅበርም ቢሆን በምርት ወቅት ጥሬ ገንዘብና መኪና ከሌለው ሌላ ደካማ ሻጭ ነው።

ብዙም የማይነገርለት መድኃኒት የመትከያው ቀን ነው። በአንድ ጉድጓድ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ውሃውን በተራ ይካፈላሉ፣ ችግኙን ግን አብረው ይተክላሉ፤ ሽንኩርቱም አብሮ ይደርሳል፣ ለአንድ መኪናም አብረው ይሰለፋሉ። ተከላው በሁለትና በሦስት ሳምንት ልዩነት ቢከፋፈል፣ አንገቱ የደረቀ ሽንኩርት ደግሞ ነፋስ በሚያገኝ የጥላ መደርደሪያ ሳምንታት ቢቆይ፣ የዚያ ማለዳ አምስት ሻጮች ሁለት ይሆናሉ፤ አይሱዙውም ባዶውን ላለመመለስ የሚጨነቅ ገዢ ይሆናል።