የነኩትን ማንቀሳቀስ

በታዳጊዎች የቼዝ ውድድር ዳኛን ደጋግሞ የሚፈትን ጉዳይ አለ፡፡ የአሥር ዓመት ልጅ ንግሥቱን ይነካል፤ ወዲያው ስህተቱ ይታየውና እጁን ይሰበስባል፡፡ የዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን (ፊዴ) ሕግ ግልጽ ነው፤ ለመጫወት አስቦ የነካውን ጠጠር ማንቀሳቀስ አለበት፡፡ ዳር የቆሙት አዋቂዎች ግን “ልጅ አይደል፣ ይመልስ” ማለታቸው አይቀርም፡፡

እንደ እኔ እምነት ይህን ርኅራኄ ብሎ መጥራት ይከብዳል፡፡ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውም ልጅ ነውና፣ ለአንዱ የተደረገው ምሕረት የሚከፈለው ከሌላው ኪስ ነው፡፡

የአገራችን ነባሩ ሰንጠረዥ ወረራ የሚባል መክፈቻ ነበረው፡፡ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደ እጃቸው ፍጥነት ያንቀሳቅሱ ነበር፡፡ ተራ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው፡፡ የዘመኑ ቼዝ ግን ከመነሻው ተራም ሰዓትም አለው፡፡ ተጋጣሚው ማት ሊያደርግ የሚችልበት ዕድል እስካለ ድረስ፣ ሰዓቱ ያለቀበት ተጫዋች የቱንም ያህል ጠጠር ቢበልጥ ይሸነፋል፡፡ የአባቱ ሥልጣንም ሆነ የመጣበት ሰፈር አንዲት ሰከንድ አይጨምርለትም፡፡

የጊዜ ገደብ አለመከበር የሚያስከፍለውን ዋጋ ሐዋሳ ታውቀዋለች፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 47 የክልልነት ጥያቄ የቀረበለት ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ እንዲያደራጅ ያዛል፡፡ የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን ያጸደቀው በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነበር፡፡ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔው ሳይካሄድ ደረሰ፤ በከተማዋና በአካባቢው በተነሳው ሁከት የሰው ሕይወት ጠፋ፡፡ ድምፅ የተሰጠው ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፡፡ በጨዋታ ሰዓት ሲያልፍ ነጥብ ይጠፋል፤ በአገር ጉዳይ ሲያልፍ የሚጠፋው ከነጥብ በላይ ነው፡፡

ስለዚህ በሐዋሳ የታዳጊዎች ቼዝ የሚያዘጋጁ ወገኖች ከዋንጫው በፊት ዳኛውን ያስቡ፡፡ ደንቡ ለልጆቹ በሚገባቸው ቋንቋ አስቀድሞ ይነበብ፡፡ ወላጅና አሠልጣኝ ከጠረጴዛው ይራቁ፡፡ ቅሬታ ያለው ልጅ ሰዓቱን አቁሞ ራሱ ለዳኛው ያመልክት፤ ውሳኔውንም ከነምክንያቱ ይስማ፡፡

ዛሬ የነካውን ያንቀሳቀሰ ልጅ ነገ ባለሥልጣን ሲሆን የፈረመውን ያከብራል ብሎ መማል አይቻልም፡፡ የነካውን እየመለሰ ያደገው ግን የፈረመውንም ለመመለስ አይቸገርም፡፡