ኦናና ይመለስ ወይስ ይሸጥ?

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ባለበት ሁሉ አንድ ክርክር አላለቀም፤ በውሰት ወደ ቱርኩ ትራብዞንስፖር የሄደው አንድሬ ኦናና ይመለስ ወይስ በቃ ይሸጥ? ውሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 2028 ስለሚቆይ ክለቡ የግድ መወሰን አለበት። የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ይሸጥ።

ችሎታ የለውም እያልኩ አይደለም። ችሎታ ባይኖረው ክርክርም አይኖርም ነበር። ኢንተር ሚላንን ይዞ የ2023 የቻምፒየንስ ሊግ ፍፃሜ ደርሷል። ዩናይትድ በገባበት ዓመት ኮፐንሀገን በጭማሪ ደቂቃ ያገኘውን ፍፁም ቅጣት ምት አድኖ 1 ለ 0 አሸንፈዋል። በወሩ ደግሞ ኢስታንቡል ላይ ጋላታሳራይን 3 ለ 1 እየመሩ፣ የዚዬች ቅጣት ምት ለሁለተኛ ጊዜ ገባበትና ጨዋታው 3 ለ 3 አለቀ። በ2024 የኤፍኤ ካፕ አነሳ። በሚያዝያ 2025 ሊዮን ላይ ሁለቱም ጎሎች በእሱ ስህተት ገቡ። አንድ ቀን ግድግዳ፣ አንድ ቀን ወንፊት።

እዚህ ጋ ኢኮኖሚክስ ይጠቅመናል። ሁለት ሰዎች በዓመት እኩል ገቢ አላቸው እንበል። አንዱ በየወሩ እኩል ያገኛል፤ ሌላው አንድ ወር ይንበሸበሻል፣ ቀጣዩን ወር ባዶ ኪስ ነው። አማካዩ አንድ ነው፤ የቤት ኪራይ ግን በየወሩ ነው የሚከፈለው። አከራይ "ባለፈው ወር እኮ ብዙ ነበረኝ" ቢሉት አይሰማም።

በረኛም እንደዚያው ነው። አጥቂ አራት ኳስ ስቶ አምስተኛዋን ካገባ ጀግና ይባላል። በረኛ አራት አድኖ አምስተኛዋ ከእጁ ካመለጠች ጨዋታው ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የሚዋዥቅ አጥቂን መታገስ ይቻላል፤ የሚዋዥቅ በረኛ ግን ውድ ነው። ከፊቱ ያሉት ተከላካዮችም ካላመኑት ወደ ኋላ እየሸሹ ነው የሚጫወቱት።

"ዴ ሂያስ? እሱም ሲመጣ ተሰድቧል" የሚሉ አሉ። ጥሩ ነጥብ ነው። በ2011 ሲመጣ ተቸገረ፣ ክለቡ ታገሰው፣ በኋላ አራት ጊዜ የዩናይትድ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ግን ዴ ሂያ ያኔ ገና 20 ዓመቱ ነበር፤ ኦናና ሲመጣ 27። ለ20 ዓመት ልጅ መታገስ ኢንቨስትመንት ነው። 30 ዓመት የደረሰ በረኛ ግን ምን እንደሆነ አይተነዋል።

"ወደ 47 ሚሊዮን ፓውንድ ወጥቶበት?" የሚለው ክርክር ደግሞ በጣም ደካማው ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ያ ብር ቢመለስም ባይመለስም ወጥቷል። መጠየቅ ያለበት ከዚህ በኋላ የሚከፈለው ደሞዝና የሚሸጥበት ዋጋ ነው፤ ውሉ ወደ 2028 በተጠጋ ቁጥር ደግሞ ዋጋው ይወርዳል እንጂ አይጨምርም።

ሊቨርፑልን እዩ። በ2018 ኪየቭ ላይ ካሪየስ ሁለት ከባድ ስህተት ሠርቶ የቻምፒየንስ ሊጉን ፍፃሜ ተሸነፉ። "ይሻሻላል" ብለው አልጠበቁም፤ በዚያው ክረምት አሊሰንን ገዙ፣ በዓመቱ ዋንጫውን ወሰዱ። ዩናይትድ ግን ሁለት ዓመት ጠበቀ፤ በመጨረሻ በነሐሴ 2025 በአራተኛ እርከን በሚጫወተው ግሪምስቢ ታውን በፍፁም ቅጣት ምት 12 ለ 11 ተሸንፎ ከካራባኦ ካፕ ወጣ።

አሁን ሴኔ ላመንስ አለ፤ ሲገዛ 23 ዓመቱ፣ ዋጋው ከኦናና ግማሽ በታች። ኦናናን መልሶ አጠገቡ ማስቀመጥ ማለት ልጁ በተሳሳተ ቁጥር "ኦናና ይግባ" የሚል ጩኸት መጋበዝ ነው። የዴ ሂያን ትዕግስት የምንወድ ከሆነ፣ ዛሬ ትዕግስቱ የሚገባው ለላመንስ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ይሸጥ ማለት ይሰደብ ማለት አይደለም። ኦናና ሲገባበት ከፊቱ የነበረው መከላከል የተቦዳደሰ ነበር፣ አሰልጣኝም በመሃል ተቀይሯል። በየኮሜንቱ ዘሩንና ቤተሰቡን የምትሰድቡ፣ እሱ ኳስ ነው የሳተው፤ የእናንተ ስህተት ይብሳል። ክለቡ በክብር ይሸኘው፣ እሱም መረጋጋት የሚያገኝበት ቤት ይፈልግ። ለሁለቱም የሚያዋጣው ይሄ ነው።