ችግኝ የሚቆጠረው በሐምሌ ነው ወይስ በሰኔ?

የክረምቱ ዝናብ መሬቱን ማራስ ሲጀምር በየደረጃው የሚገኙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን አስተባብረው ለችግኝ ተከላ መውጣታቸው የተለመደ ሆኗል። በተለይም በ2011 ዓ.ም የአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር ይፋ ከሆነ ወዲህ ተከላው የአንድ ዘርፍ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የበርካታ ተቋማት ዓመታዊ ዕቅድ አካል ለመሆን በቅቷል።

የተሳትፎው ስፋት በአኃዝም ይታያል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም በአንድ ጀንበር ከ353 ሚሊዮን በላይ ችግኞች መተከላቸው ይፋ ተደርጓል። ይኸው የአንድ ቀን ዘመቻ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም ከ566 ሚሊዮን፣ ነሐሴ 17 ቀን 2016 ዓ.ም ከ615 ሚሊዮን፣ ሐምሌ 24 ቀን 2017 ዓ.ም ደግሞ ከ700 ሚሊዮን በላይ መድረሱ ተገልጿል። በ2015 ዓ.ም የተጀመረው የመርሐ ግብሩ ሁለተኛ ምዕራፍም ከመጀመሪያው ጋር ተደምሮ የሚተከሉትን ችግኞች 50 ቢሊዮን የማድረስ ግብ ተይዞለት የተጀመረ ነበር።

ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ቀን ማንቀሳቀስ መቻሉ በቀላሉ የሚታይ አቅም አይደለም። ይሁን እንጂ "ተተከለ" እና "ጸደቀ" የሚሉት ሁለት ቃላት የሚያመለክቱት የተለያየ ውጤት ነው። ተዳፋቱን ከመሸርሸር የሚታደገው፣ ግድቡን ከደለል የሚጠብቀው፣ ለአርሶ አደሩም ፍሬ፣ መኖና ማገዶ የሚያስገኘው የጸደቀው ችግኝ ብቻ ነው። ለአብነት ያህል 100 ሺህ ችግኝ ተክሎ 40 በመቶው የጸደቀለት ወረዳ 40 ሺህ ዛፍ ሲኖረው፣ 60 ሺህ ብቻ ተክሎ 80 በመቶው የጸደቀለት ወረዳ 48 ሺህ ዛፍ ይኖረዋል። በተከላ ሪፖርት ግን የሚመሰገነው የመጀመሪያው ነው።

የችግኙ ዓመትና የበጀት ዓመቱ

ተከላ የሚካሄደው የበጀት ዓመቱ በሚጀምርበት በሐምሌ ወር ሲሆን፣ አፈጻጸሙም በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት ይጠቃለላል። ችግኙ በአንጻሩ ከባዱን ፈተና የሚጋፈጠው ዝናቡ ካበቃ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። በዚህን ጊዜ በአብዛኞቹ መሥሪያ ቤቶች የተከላው ፋይል ተዘግቷል፤ ሠራተኛውም ወደ መደበኛ ሥራው ተመልሷል። ችግኙ በየካቲት ቢደርቅ ድርቀቱን የሚመዘግብ የሪፖርት ቅጽ አይገኝም።

የሚገርመው የበጀት ዓመቱ አቆጣጠር ለችግኙ እጅግ የተመቸ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ሩብ ዓመት የተከላ፣ ሁለተኛው የአረምና የኩትኳቶ፣ ሦስተኛው የውኃ ማጠጣትና የጥበቃ፣ አራተኛው ደግሞ የቆጠራ ጊዜ ሊሆን ይችላል። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በሰኔ መጨረሻ ሲቆጠር አንድ ሙሉ በጋ አሳልፏል። በመሆኑም ዓመታዊ ሪፖርት ሲዘጋጅ የጸደቀውን ቁጥር ለማካተት የተለየ የጊዜ ሰሌዳም ሆነ አዲስ መዋቅር አያስፈልግም።

ከዚህ የተለየ አስተያየት የሚጠይቀው የችግኝ ጣቢያ ሥራ ነው። የዘር መረጣ፣ የመደብ ዝግጅትና የማፍላት ሥራ የሚከናወነው ከተከላው በፊት ባለው የበጀት ዓመት ነው። ባሕር ዛፍና ግራቪሊያን የመሳሰሉት በጥቂት ወራት ውስጥ ለተከላ ሲደርሱ፣ እንደ ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ያሉት አገር በቀል ዝርያዎች በጣቢያው ውስጥ ዓመት የሚጠጋ ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ሊፈልጉ ይችላሉ። የተከላ ኮታ ለችግኝ ጣቢያው በሚያዝያ ወይም በግንቦት ከደረሰው፣ ጣቢያው ሊያቀርብ የሚችለው ፈጥኖ የሚደርሰውን ወይም ያልጠነከረውን ችግኝ ብቻ ነው። ስለዚህ በዕቅድ ሰነድ ላይ "ለአገር በቀል ዛፎች ትኩረት ይሰጣል" የሚለው ሐረግ እውን የሚሆነው ወይም የሚቀረው ተከላው ከመድረሱ ከአንድ ዓመት በፊት በሚደረግ የበጀት ውሳኔ ነው።

ከጉድጓድ እስከ ጉዝጓዝ

የመጽደቅ ጉዳይ የሚወሰነው በጥቂት ቀላል ነገር ግን በቀላሉ በሚዘነጉ ተግባራት ነው። ጉድጓዱ ከተከላው ከሳምንታት በፊት ተቆፍሮ፣ የላይኛው ለም አፈር ከታችኛው ተለይቶ መቀመጥ ይኖርበታል። ችግኙም ከጣቢያው ከመውጣቱ በፊት ውኃና ጥላ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰለት የመስኩን ፀሐይ እንዲለማመድ ይደረጋል። ይህን ሳያልፍ የወጣ ችግኝ ለምለም መስሎ ቢታይም የመጀመሪያውን የደረቅ ሳምንት ላይቋቋም ይችላል።

በተከላው ዕለት የሚፈጸም አንድ ስሕተት የወራትን ድካም ሊያስቀር ይችላል። ችግኙ ከነፕላስቲኩ ከተቀበረ ሥሩ በከረጢቱ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይቀራል። የተጣመመ ሥር ያለው ችግኝ ለአንድ ክረምት ለምልሞ በበጋው ሊጠወልግ፣ ወይም አድጎ በነፋስ ሊወድቅ ይችላል። በዘመቻ የሚወጣው ተካይ አብዛኛው የቢሮ ሠራተኛ በመሆኑ፣ ከተከላው በፊት በባለሙያ የሚሰጥ የአሥር ደቂቃ ማሳያ ከብዙ ንግግር ይልቅ ይጠቅማል።

ተከላው በክረምቱ መጀመሪያ አጋማሽ፣ እርጥበቱ ወደ አፈሩ ጠልቆ ሲገባ ቢከናወን ሥሩ ዝናቡ ከማብቃቱ በፊት ወደታች ለመውረድ ጊዜ ያገኛል። ከዚያ በኋላ በተዳፋት ላይ ጎርፉን የሚይዝ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው እርከን፣ በችግኙ ሥር ዙሪያ የሚነጠፍ የሣር ጉዝጓዝ፣ እንዲሁም አረም መንቀል እርጥበቱን ያቆያሉ። ከሁሉም በላይ አካባቢው ከእንስሳት ንክኪ ነጻ መሆን አለበት። ፍየል የገባበት የተከላ ቦታ በአንድ ቀን ባዶ ሊሆን ይችላል። ይህም ነዋሪው ሣሩን አጭዶ ለከብቱ የሚወስድበትን ሥርዓት አስቀድሞ መስማማትን ይጠይቃል፤ አማራጭ መኖ ያልተገኘለትን አርሶ አደር በክልከላ ብቻ ማቆም አይቻልም።

ሐምሌ በሁሉም ቦታ ክረምት አይደለም

በዕቅድ አወጣጥ ላይ ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የዝናብ ሥርጭት ልዩነት ነው። ሐምሌ ለአብዛኛው የአገሪቱ ደጋና ወይና ደጋ ዋና የዝናብ ወቅት ነው። በቦረና፣ በጉጂ ቆላማ አካባቢዎችና በሶማሌ ክልል ደቡባዊ ክፍል ግን ዋናው ዝናብ የሚጥለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ ሁለተኛው በመስከረምና በኅዳር መካከል ይመጣል። ሐምሌ ለእነዚህ አካባቢዎች ደረቅ ወቅት ነው። በአገር አቀፉ ቀን ለመሳተፍ ሲባል በዚያ የሚተከል ችግኝ ውኃ የሚያጠጣው ከሌለ የመጽደቅ ዕድሉ ጠባብ ነው። የእነዚህ አካባቢዎች አፈጻጸም በራሳቸው የዝናብ ወቅት ቢለካ ፍትሐዊም ውጤታማም ይሆናል።

ባለቤት ያለው ዛፍ

የአገሪቱ የቀደመ ልምድ የሚያስተምረው ሌላ ቁም ነገር አለ። በ1970ዎቹ በየተራራው በዘመቻና በምግብ ለሥራ ከለሙት ደኖች መካከል በርካታዎቹ በ1983 ዓ.ም የመንግሥት ለውጥ ወቅት ተመንጥረዋል። ነዋሪው የተከለውን ዛፍ የቆረጠው የዛፍን ጥቅም ስላላወቀ አልነበረም፤ ዛፉ የማን እንደሆነና ጥቅሙ ለማን እንደሚደርስ ግልጽ ስላልነበረ ነው።

በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተሞክሮ ለዚህ ተቃራኒ ማሳያ ነው። ከ2 ሺህ 700 ሄክታር በላይ የሆነ የተራቆተ ተራራማ መሬት ያገገመው በአብዛኛው አዲስ ችግኝ በመትከል ሳይሆን፣ በመሬቱ ውስጥ የቀሩት ጉቶዎችና ሥሮች እንዲያቆጠቁጡ በመጠበቅና ቁጥቋጦውን በመግረዝ ነው። ሥራውን የያዙት በአካባቢው ነዋሪዎች የተቋቋሙ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሲሆኑ፣ ፕሮጀክቱ በ2002 ዓ.ም በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ዘዴ ተመዝግቦ ከካርቦን ሽያጭ ገቢ ለማግኘት በቅቷል።

የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ከመንግሥት ደን በተጨማሪ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን ባለቤትነትን ዕውቅና ሰጥቷል። ሕጉ በር ከፍቷል፤ የሚቀረው እያንዳንዱ የተከላ ቦታ ከተከላው በፊት ባለቤቱ በስም ታውቆ እንዲመዘገብ ማድረግ ነው።

በመሆኑም የተከላ መርሐ ግብር የሚያስተባብሩ ኃላፊዎች በዓመቱ ውስጥ ሁለት ቆጠራ ቢያካሂዱ ብዙ ነገር ይለወጣል። የመጀመሪያው በኅዳር ሲሆን፣ የደረቁትን ለይቶ ለሚቀጥለው ክረምት የሚያስፈልገውን መተኪያ ለችግኝ ጣቢያው በወቅቱ ለማዘዝ ያስችላል። ሁለተኛው በሰኔ የሚካሄደውና ለዓመታዊ ሪፖርት የሚቀርበው ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቁጥር ከተከላው አኃዝ ያነሰ መሆኑ አይቀርም። ያነሰው ቁጥር በግልጽ ሲቀርብ ግን የትኛው ዝርያ በየትኛው ቦታ እንዳልበቀለ፣ የትኛው አካባቢ ጥበቃ እንደጎደለው ያሳያል፤ ለሚቀጥለው በጀት መነሻ የሚሆነውም ይኸው ነው። ሐምሌ ላይ ችግኝ ይዞ የወጣው ሠራተኛም ሰኔ ላይ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ የተከለውን ለማየት መርሐ ግብር ሊያዝለት ይገባል።